ሙሽሮቹን ዝባድ ቤት ያስገባሁ ዕለት

ያ የሁለት ቀን መንገድ አንድ ወንድም አስከፍሎኛል። ወንድሜ ሲሄድ ሰባት ዓመት የለፋሁበት ንግድ አብሮት ሄደ፤ ሽቶ የተቀባ ሰው አጠገብ ተቀምጬ እህል መቅመስም ከዚያ ወዲህ አልሆነልኝም። ክፍያው በብር አልነበረም። በብር ቢሆን ኖሮ ተከራክሬ አስቀንሰው ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ነቀምቴ ላይ መኪና ሲመጣ ባለሱቁ ሚዛኑን ጥሎ በር ላይ ወጥቶ የሚያይበት ጊዜ። እኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም። ከጉራጌ አገር ስወጣ የያዝኩት የጫማ መጥረጊያ ሳጥን ብቻ ነበር። ወለጋ ደርሼ ሳጥኑን በመርፌና በክር ለወጥኩ፣ መርፌውን በቆዳ፣ ቆዳውን በማር። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ አንድ በር ያላት ሱቅ ከፈትኩ። ትምህርት ቤቴ መንገድ ነው። ኦሮምኛውን ከገበያ፣ እንግሊዝኛውን ሻንጣ ከተሸከምኩላቸው ፈረንጆች ለቃቀምኩ፤ ለመሸጥ የሚበቃ፣ ለመጣላት የማይበቃ እንግሊዝኛ።

በመጨረሻ ዝባድ ላይ ደረስኩ።

ዝባድን የማታውቁ ትኖራላችሁ። ጥርኝ የሚባል፣ ከድመት የሚተልቅ፣ ጠቃጠቆ ያለበት የዱር አውሬ አለ። ወንዱ ከጅራቱ በታች ባለች ከረጢት ውስጥ እንደ ቅቤ ያለ ቅባት ያጠራቅማል። ያ ቅባት ነው ዝባድ። እንደወጣ ብታሸቱት የሞተ ነገር ላይ ድመት የሸናበት ይመስላችኋል። የፈረንጅ ሽቶ ቀማሚ ግን የመርፌ ጫፍ ታህል ጨምሮ ሽቶው ከልብስ እንዳይለቅ ያደርግበታል ይላሉ። አንዲት እመቤት ታቦት ልትስም ወይም ጭፈራ ቤት ልትገባ አንገቷን ስትነካካ የምትነካካው የአውሬ ቂጥ ነው። ይህን እያወቅሁ እሸጥ ነበር፤ ሻጭ ሁሉን አይናገርም።

ዝባዱን የሚያወጣልኝ አባ ጀበል ነበር። ቤቱ ከዴዴሳ ማዶ፣ ከጊምቢ መንገድ በስተግራ ተገንጥሎ ቆላ ውስጥ ነው። ሙያውን አባቱ ከሊሙ ይዘውት መጡ። አስራ አንድ ወንድ ጥርኞች ነበሩት። ሌላው ሰው በሬ እንደሚቆጥር እሱ ጥርኝ ይቆጥራል፤ እርሻው ለዝንጀሮ የሚበቃ እንኳ አይደለም፣ ልጆቹን የሚያለብሰው፣ ግብሩን የሚከፍለው ከእነዚያ ከአስራ አንዱ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ወባ ጣለኝ። አባ ጀበል የማያውቀውን ሰው ሃያ ቀን ቤቱ አስተኛ፤ ሚስቱ ዘይነባ ወተት በማንኪያ አጠጣችኝ። ስድን ሽማግሌዎች ጠርቶ በፊታቸው «ኦቦሌሳ ኮ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝባድ ቤት የምገባ ብቸኛ የውጭ ሰው እኔ ሆንኩ።

ዝባድ ቤት ሕግ አለው። ባዕድ አይገባም፤ ጥርኞቹን ዓይን ይመታቸዋል፣ ዝባዳቸው ይደርቃል። ጮክ ተብሎ አይወራም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዋዜማው ከትዳር ጓደኛው ጋር የተኛ ሰው ደፉን አይረግጥም። ራሱ አባ ጀበል ዝባድ በሚወጣበት ዋዜማ ዘይነባን ትቶ በራፉ ላይ ቁርበት አንጥፎ ያድራል። አዲስ ሙሽራማ አጥሩን አልፎ አይመጣም። እኔ ይህን ስሰማ በሆዴ እስቅ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እየሳቅሁ ግን ደግሞ ቀንዴን በዝባድ ሞልቼ እሄድ ነበር።

እንግዲህ ሙሽሮቹ መጡ።

በኮምቢ መኪና ነው የመጡት። አኖ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው፣ ጉቴ ላይ የሰው ዶሮ ገጭተው ነቀምቴ ገቡ። ባልየው ሩዲ ይባላል፣ ቀጭን፣ ጢማም። ሚስቱ ኤልሳ፤ እንደ ሸክላ የቀላች ልጅ እግር። በተጋቡ በሳምንቱ ከአገራቸው ወጥተው ስምንት ወር መንገድ ላይ ናቸው። ሁለት ዓመት ዓለምን ሊዞሩ ነው። አሁን በአሶሳ አድርገው ሱዳን ለመውጣት የፈቃድ ወረቀት እየጠበቁ ነው። መኪናዋ ውስጥ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ መጋረጃ አለ። ሙሽራዋ የሠርግ ዓይነ ርግቧን አልጋው ላይ ለትንኝ መከላከያ ሰቅላዋለች።

የሰፈሩ ሴቶች መስኮቱ ላይ ተንጠላጥለው አዩ።

«ሙሽሮች ናቸው» አልኳቸው።

«ታዲያ ሚዜዎቻቸው የት ቀሩ?»

«የሉም።»

«አማት የለ፣ ሚዜ የለ፣ ቤት የለ!» አለች አንዷ። «ጫጉላቸው ጎማ አለው በለኛ።»

ሱቄ ሲመጡ ኤልሳ መደርደሪያው ላይ ያለውን የከብት ቀንድ አየች። ዝባድ የሚቀመጠው በቀንድ ነው፣ አፉ በቆዳ ታስሮ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሽቶ ነው ማዳም። የሽቶ እናት።»

ቆዳውን ፈታሁላት። አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ፊቷ ተኮማተረ፣ አስነጠሰች። ንፍጧን በነጭ ጨርቅ ተቀብላ፣ ጨርቁን በሥርዓት አጥፋ፣ ኪሷ ከተተችው።

«በስማም!» አለች ለጨው የመጣች የሸዋ ሴትዮ። «ልታስቀምጠው ነው እንዴ?»

«መንገዱ ሩቅ ነው፤ ስንቅ ይሆናታል» አልኳት።

እኔንም አቅለሸለሸኝ። ሰውየው በግራ እጁ ይበላል። ገበያ መሀል፣ ቄሱም ሼኩም እያዩ፣ ከንፈር ለከንፈር ይሳሳማሉ። ጠዋት ጠዋት ጥርሳቸውን እየፋቁ በመስኮት አረፋ ይተፋሉ። ቢሆንም ፊቴ ላይ የነጋዴ ፈገግታ ነበር፣ ምክንያቱም ሩዲ አንድ ነገር ተናግሯል።

«አጎቴ የሚሠራው ሽቶ ፋብሪካ ነው።»

ይህን ስሰማ የአዲስ አበባ ገዢዎች ሁሉ ከፊቴ ጠፉ። ዝባዴን አሽትተው «ሙዝ ቀላቅለህበታል» እያሉ የሚያዋርዱኝ ሰዎች። በቀጥታ ለፋብሪካው! አባ ጀበልም እኔም ከእነሱ እጅ ልንወጣ!

«ከየት እንደሚመጣ ማየት እፈልጋለሁ» አለች ኤልሳ።

«ለሚስተር አጎት የሚጻፍ ደብዳቤ ካለ፣ አሳይሻለሁ» አልኩ።

ሩዲ ትከሻውን ነቀነቀ። «እጽፋለሁ።»

ወረቀታቸው በመጣ ማግስት፣ መንገዳቸውም በዚያው ስለሆነ፣ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። እኔ በጭነት መኪና ልመለስ፣ እነሱ ወደ አሶሳ ሊቀጥሉ። ከኋላ፣ አልጋቸው ላይ ነው ያስቀመጡኝ። አይብ የሚሉት የሻገተ ነገር፣ ያልታጠበ ካልሲ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ፤ የእነዚያ ሁሉ ሽታ ቆላ ስንወርድ ከሙቀቱ ጋር ፈላ። ዓይነ ርግቡ ፊቴ ላይ እየወደቀ የሌላ ሰው ሙሽራ አስመሰለኝ። የዴዴሳን ድልድይ ስንሻገር ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ ነበር፤ ለወንዙ አይደለም፣ ለአየሩ።

አባ ጀበል ከአጥሩ በር ላይ ተቀበለን።

«አካም ጂርታ፣ ኦቦሌሳ ኮ? ቤተሰብ ደኅና? ገበያው ደኅና?»

«ነጋ ዳ፣ ደኅና ነው።»

«እነዚህስ?»

«የሽቶ አገር ሰዎች። ዝባዳችንን በቀጥታ የሚወስዱልን። ዛሬ የምታወጣበት ቀን ነው ብዬ ይዣቸው መጣሁ፣ ይዩ።»

አባ ጀበል መኪናዋን በዝግታ ዞራት። «ባልና ሚስት ናቸው?»

አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ብነግረው ኖሮ «ከአጥር ውጭ ወተት ይጠጡ፣ ይሂዱ» ብሎ ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። አጎትየውም ያልቅ ነበር።

«ኧረ እህትና ወንድም ናቸው!»

«በአንዲት መኪና?»

«ብርድ አገር ነው ያደጉት፤ ተጠጋግቶ መኖር ልማዳቸው ነው።»

ወደ ዝባድ ቤቱ በር ይዞኝ ሄደ። ከዚያ «ካካዱ» አለኝ። ማል ማለቱ ነው።

እኔ በቀን ሃያ ጊዜ የምምል ሰው ነኝ። «እናቴ ትሙት፣ በመጣበት ዋጋ ነው የሰጠሁሽ።» «ልጄን አያሳድገው፣ ሌላው ጋ አታገኘውም።» ገዢው ይምላል፣ እኔ እምላለሁ፣ ሁለታችንም እየተሳሳቅን እንለያያለን። ለነጋዴ መሐላ እንደ መጠቅለያ ወረቀት ነው፣ ከዕቃው ጋር በነጻ ይሄዳል። ዝባድ ቤት በር ላይ ሲምሉ ግን ገበያ እንዳልሆነ፣ ያን ማወቅ ነበረብኝ። ሰባት ዓመት ወንድሜ ብሎኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ማል ብሎኝ አያውቅም ነበር።

«አንተ ትሙት!» አልኩት።

«በእኔ?»

«በአንተ።»

«እንግዲያው ይግቡ። ጫማቸውን ያውልቁ፤ ድምፅ አያሰሙ።»

ዝባድ ቤት መስኮት የለውም። መሀሉ ላይ ሌት ተቀን የማይጠፋ እሳት ይጨሳል፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛዋል። ዙሪያውን በእንጨት ተሠርተው በሐረግ የታሰሩ ረጃጅም ጠባብ ቅርጫቶች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ አንድ ጥርኝ። አውሬው ወደ ፊት ያያል እንጂ መዞር አይችልም፤ ቢዞር ይናከሳል። ሽታው ጉሮሮ ላይ እንደ ስብ ይለጠፋል። ኤልሳ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አባ ጀበል ለመጀመሪያው በለሆሳስ «ማሎ፣ ማሎ» እያለ፣ እባክህ እባክህ ማለት ነው፣ የቅርጫቱን የኋላ በር ከፈተና ጅራቱን ጎትቶ ያዘ። እኔ እንደ ልማዴ የኋላ እግሮቹን ያዝኩ። አባ ጀበል ከረጢቱን በሁለት ጣት ገልብጦ ጨመቀ። አውሬው እንደ ሰው አቃሰተ። ቢጫ ቅባት ብቅ አለ፤ በቀንድ ማንኪያ ፋቀው፣ ቀንዱ አፍ ላይ ጠረገው። የቆሰለውን ቦታ ቅቤ ቀባው፣ በፊት በኩል እንቁላል አቀበለው። ወደ ሁለተኛው አለፍን።

ኤልሳ ወደ እኛ አልመጣችም። በፊት በኩል ዞራ ተንበርክካ ነበር።

«ዓይኑን አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ዝባዱ በዚያ በኩል አይወጣም ማዳም።»

ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጎበዝ መልስ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ቤቱ እንደ መብረቅ ቦግ አለ፤ ሩዲ ፎቶ አነሳ። አስራ አንዱም በአንዴ ከእንጨቱ ጋር ተላተሙ፣ ጮኹ፣ ሸኑ። አባ ጀበል ቀና ብሎ እኔን ብቻ አየኝ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ገንፎ ቀረበ፣ ዶሮ ታረደ። ኤልሳ አልነካችም፤ ዘይነባ ያመጣችላትን አንድ ዋንጫ ወተት ብቻ ጠጣች። ሩዲ የእሷንም ድርሻ በላ፤ በግራ እጁ።

«ስንት ዓመት ይቀመጣሉ?» አለችኝ ኤልሳ።

«እንደ ጤናው ነው። ያ ዳር ያለው ዘጠኝ ዓመቱ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት ሳይዞር?»

«ወዴት ይዞራል?» አልኳት።

አለቀሰች። ያቺን ጨርቅ አወጣች። ዘይነባ ደነገጠች። «ምን ሆነች? አማቷ ሞተች?»

«አገሯን ናፍቃ ነው» አልኩ። ውሸት አንዴ ከጀመረ የራሱ እግር አለው።

ጀንበር ስትጠልቅ እነሱ መኪናቸው ውስጥ፣ እኔ አባ ጀበል ሳሎን ውስጥ ተኛን። ስለ አጎትየው እያሰብኩ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ የውሾች ጩኸት ነው። ገና ሊነጋጋ ሲል። አባ ጀበል ለሱብሂ ሰላት መስጊድ ሄዷል። ወጥቼ ሳይ የዝባድ ቤቱ በር ተከፍቷል፤ ኤልሳ በሩ ላይ ቆማለች፣ በእጇ የሽንኩርት ቢላዋ። ሐረጉን ሁሉ በጥሳዋለች። አስራ አንዱንም ከፍታቸዋለች።

«ሂዱ!» ትላለች በቋንቋዋ፤ ቃሉን ባላውቅም እጇ ይናገራል። «ሂዱ!»

ዓመታት በእንጨት መሀል የኖረ አውሬ መሄድን ከየት ያመጣዋል? አንዳንዶቹ በሆዳቸው ተሳቡ። አንዱ ግቢው መሀል ደርሶ ቆመ፤ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፣ ዙሪያውን ለማየት ሲሞክር ወደቀ። ሌሎቹ እንደምንም ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ። የዚያ አገር ሰው ሁሉ ዝንጀሮ የሚጠብቅ ውሻ አለው፤ ክፉ ናቸው። የጥርኝ ሽታ ሲደርሳቸው አጥሩን ዘለው ገቡ።

ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። አንዱን ሁለት ውሾች ከሁለት ወገን ያዙት። ድምፁ ትናንት በእጄ ይዤው ያቃሰተው ድምፅ ነው፤ አወቅሁት። ኤልሳ ቢላዋዋን ጥላ ውሾቹ ላይ ተወረወረች፣ ክንዷን ቧጠጧት፣ ሩዲ ጎትቶ መኪና ውስጥ ከተታት። እኔ በዱላ ውሾቹን ሳባርር ሦስቱ አልቀዋል። ደምና ዝባድ ተቀላቅሎ መሬቱ ላይ ፈሰሰ። የዚያ ሽታ ነው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ ያልወጣው።

ጎረቤቶች ዱላና ገጀራ ይዘው ተሰበሰቡ። ሩዲ ሞተር አስነሳ። አንድ ጎረምሳ ግንድ አምጥቶ ጎማው ፊት ጣለ። መስታወቱ በዱላ ተመታ፤ ውስጥ ሴትዮዋ ዓይነ ርግቡ ሥር ተሸጉጣለች።

«ኑ ውጡ በላቸው!» አሉኝ። «አንተ ነህ ያመጣሃቸው፤ በላቸው!»

ያን ጊዜ ነው አባ ጀበል ከሰላት የመጣው። ማንንም አላናገረም። የሞቱትን አየ። ዝባድ ቤት ገባ። ሲወጣ «አራቱ ከቦታቸው አልተነቃነቁም» አለ። «በሩ ተከፍቶላቸው ተቀምጠዋል።»

ዘይነባ መሀል ገባች። «ስማ፣ አባ ጀበል። ትናንት ማታ ወተት ልጨምርላቸው ሄጄ ነበር። ደግሞም የሚደርቡት ነጠላ ልስጣቸው ብዬ። እህትና ወንድም በአንድ ብርድ ልብስ ሥር እንደዚያ አይተኛም። ጠዋት እነግርሃለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

አባ ጀበል ወደ እኔ ዞረ። ሰውም ዞረ።

«ኦቦሌሳ» አለኝ። «ባልና ሚስት ናቸው?»

«ሙሽሮች ናቸው» አልኩት።

ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ እንኳ እመርጥ ነበር። እሱ ግን ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «ግንዱን አንሱት» አለ።

«አባ ጀበል! ከብትህን ጨረሱት እኮ!»

«ወተቴን ጠጥታለች። ግንዱን አንሱት።»

ግንዱ ተነሣ። ሩዲ መስኮቱን በስንጥቅ ከፍቶ የብር ኖት አወጣ፤ አሁንም በግራ እጁ። አባ ጀበል እጁን አየው እንጂ አልተቀበለውም። ኖቶቹ እበት ላይ ወደቁ፤ መኪናዋ እየዘለለች ሄደች። ማንም አላነሳቸውም። ዘይነባ በኋላ ከእበቱ ጋር ጠርጋ ከአጥር ውጭ ደፋቻቸው።

ሰው ሲበተን ሁለታችን ቀረን።

«ሴትዮዋ ቢላዋ ይዛ ገባች» አልኩት። «እኔ ይህን ከየት ላውቅ?»

«ሴትዮዋ የኛን ሕግ አታውቅም» አለኝ። «እንግዳ ናት። አንተ ታውቃለህ።»

«አባ ጀበል፣ ስለ ሁለታችን ብዬ ነው። ከዚያ ከአዲስ አበባ ገዢ...»

«በእኔ ሞት ነው የማልከው። እኔ ይኸው ቆሜያለሁ። የሞተው ሌላ ነው።»

«አጥፍቻለሁ፤ ሽማግሌ እልክብሃለሁ፣ እክሳለሁ...»

«ባዕድን ሽማግሌ ያስታርቀዋል» አለ። «ወንድም የነበረን ሰው ምን ብለው ያስታርቁታል?»

ቤት ገብቶ ቀንዱን ይዞ መጣ። ትናንት የሞላነው ነው፣ አፉ በቆዳ ታስሯል። «ይህ የአንተ ነው። ውሰድና ሂድ። ነጋቲ።» ደኅና ሁን ማለቱ ነው።

እዚህ ላይ እጄን አጣጥፌ «አልወስድም» ብያለሁ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እጄ ግን ከእኔ በፊት ተዘረጋ። ሰባት ዓመት ቀንድ ሲቀርብለት የተዘረጋ እጅ ነው፣ ሌላ አያውቅም። ወሰድኩት።

እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ዳር ያለው ምንጭ ጋ ስደርስ ኮምቢዋ ቆማለች። ሩዲ ሸሚዙን ያጥባል። ኤልሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላለች፤ ዓይኗ አብጧል። ስታየኝ ተነሣች።

«አራቱ ጫካ ገብተዋል፣ አይቻለሁ» አለችኝ። «አራቱ ነጻ ናቸው።»

«ሦስቱስ?»

ትንሽ አሰበች። «እነሱም የሞቱት ነጻ ሆነው ነው።»

ለመጣላት የሚበቃ እንግሊዝኛ ያስፈለገኝ ያን ቀን ነበር። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ከልቧ ነው የምትናገረው። እንባዋም እውነተኛ ነው። ግን አልቅሳ፣ ታጥባ፣ ተሳፍራ ትሄዳለች፤ ማታ አሶሳ መንገድ ላይ መጋረጃዋን ዘግታ ትተኛለች። አባ ጀበል ልጆቹን ምን እንደሚያበላቸው የሚለውን ሐሳብ በዚያች መኪና ውስጥ የሚያስቀምጡበት ቦታ የለም።

«ሚስተር» አልኩት ሩዲን፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ። «ለአጎትህ ያን ደብዳቤ ትጽፍለታለህ?»

ይህንንም የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሬሳ ከኋላዬ ትቼ፣ ወንድሜ ነጋቲ ብሎኝ፣ ስለ ደብዳቤ ጠየቅሁ።

ሩዲ ሸሚዙን እየጨመቀ ሳቀ። «አጎቴ ጡረታ ወጥቷል እኮ። ጠርሙስ ላይ ወረቀት ነበር የሚለጥፈው።»

ምንጩ ዳር ተጎንብሼ አስመለስኩ። እስከ ዛሬ ከየትኛው ነገር እንዳስመለሰኝ አላውቅም፤ ከእነሱ ይሁን፣ ከሽታው፣ ወይስ ከራሴ። ከረጅም ሰዓት በኋላ የመጣው የጭነት መኪና ሾፌር አፍንጫውን ይዞ «አንተ ምን ተሸክመህ ነው? ጋቢና አትገባም!» ብሎ ከላይ፣ ከጥሬ ቆዳ ጋር ጫነኝ። ቆዳው ከእኔ የተሻለ ይሸት ነበር።

ቀንዱን ወንዝ ወረወርኩት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባላችሁ ነበር። ሸጥኩት። በዋጋው ጨውና አቡጀዲ ገዝቼ በሾፌር ላክሁለት፤ ጥቅሉ ሳይፈታ ተመለሰ። ሽማግሌ ላክሁ፤ ቡና አጠጥቶ፣ አክብሮ፣ ስሜን ሳያነሳ ሸኛቸው። ለዘይነባ መልእክት ላክሁ። «ያጠጣሁት ወተት ሐላሉ ነው በሉት» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

እናንተ አሁን ጥፋቱን ታካፍሉ ይሆናል፤ ይህን ያህል ለፈረንጂቱ፣ ይህን ያህል ለእኔ። አካፍላችሁ ድርሻዬን አትንገሩኝ። እኔን የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው፦ ሰባት ዓመት የእነዚያን አውሬዎች እግር ያዝኩ፣ ዓይናቸው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ግን አላውቅም። እሷ በአንድ ከሰዓት አየችው። እሷ ደግሞ የአባ ጀበልን ፊት አላየችም። እኔ ሁለቱንም ለማየት እዚያው ነበርኩ፤ አጎትየውን ነበር የማየው።

ከዚያ ወዲህ ለማንም በሰው ሞት ምዬ ሸጬ አላውቅም። ገበያተኛው መጀመሪያ ላይ «ሳህሌ ካልማለ ዕቃው ችግር አለበት» እያለ ሌላ ሱቅ ሄደ። ሽቶም ሱቄ አይገባም። ሚስቴ ስታገባኝ በዚህ ተስማምታ ነው ያገባችኝ፤ ምክንያቱን ግን ዛሬ ከእናንተ ጋር ነው የምታነበው።

ከአስራ አንዱ ጥርኞች ሦስቱን ውሻ ገደላቸው፣ አራቱ ጫካ ገቡ፣ አራቱ ቀሩ። ሙሽሮቹ ድንበሩን ተሻግረው ሱዳን መግባታቸውን ሾፌሮች ነግረውኛል። አባ ጀበል ከሌላ ነጋዴ ጋር ይሠራል። እኔ ሳሙና እሸጣለሁ።